ያለ ፍሪሲዮን

ወንድሜ ግራኝ ነው። ቡጢው ከየት በኩል እንደሚመጣ ከልጅነታችን ጀምሮ ስለማውቅ፣ ያን ቀን ሲሰነዝርብኝ ዝቅ አልኩ። ጡጫው ከኋላዬ የቆመውን የብረት ቁም ሳጥን አገኘው። የሰማሁት የብረት ድምፅ ብቻ አልነበረም። ጭራሮ ሲሰበር የሚያወጣውን ድምፅ የማያውቅ የወሎ ልጅ የለም። እሱም አውቆታል፤ እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ተንበረከከና ስድቡን ከዚያው ከወለሉ ላይ ቀጠለ።

የተጣላነው በሳል ነው። በኮሮናው ጊዜ በዐረብ አገር፣ አል ቃጣራ ውስጥ፣ ከተምር እርሻው ጀርባ ባለ አሮጌ ቤት፣ አንዲት ክፍል ለሁለት እንኖር ነበር። እኔ ሰናእያ በሚባለው የጋራዦች ሰፈር ሞተር ሳይክል እጠግናለሁ፤ ታናሽ ወንድሜ በሞተር ሳይክል ምግብ ለየቤቱ ያደርሳል። ያን ቀን አሳለኝ። ኤሲው ነው አልኩት።

«ኤሲ አያስልም፤ ሂድና ተመርመር» አለኝ።

«በሽታውን የሚያመጣው በየሰው ደጅ የሚዞረው ነው» አልኩት።

ከዚያ በኋላ የተባባልነውን አልጽፈውም። እናታችን አንድ ስለሆነች የሰደብነው የገዛ እናታችንን ነበር።

ሐኪሙ ከእግር እስከ ራሱ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ እኛን ሳይሆን ትንፋሻችንን እየሸሸ ጀሶውን አደረገለት። አውራ ጣቱ፣ ሌባ ጣቱና መሃል ጣቱ ብቻ ውጭ ቀሩ። ሁለቱ የተሰበሩት አጥንቶች እንዲገጥሙ እጁ ማረፍ አለበት፤ ካላረፈ ተጣሞ ይገጥምና ዳግም አይጨብጥም አለን። ወንድሜ ደግሞ የሚበላው በዚያ እጅ ነው፤ ማርሽ ሲቀየር የሚሳበው የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮንም በግራ ነው። የሥራ ኃላፊያቸው ያን ሰሞን ሹፌሮቹን ሰብስቦ «ማረፍ የሚፈልግ ኢቃማውን አስረክቦ አገሩ ገብቶ ይረፍ» ብሏቸዋል። ካረፈ ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ይሄዳል፤ ካላረፈ እጁ ይሄዳል። ከዚህ የተለየ መንገድ አልነበረውም።

በማግስቱ ጓንት ሰፋ አድርጎ ቀዶ ጀሶው ላይ አጠለቀና ወጣ። ማንም አላወቀበትም፤ ያኔ የሰው ግንባር በሙቀት መለኪያ ይታያል እንጂ እጁን ማን ያየዋል? ማታ ሲመለስ ግን ፊቱ አመድ ለብሶ ነበር። ጣቶቹ አብጠው ከጀሶው አፍ ወጥተዋል። ቀኑን ሙሉ በየመብራቱ፣ በየአደባባዩ ፍሪሲዮን ሲስብ ውሏል።

«ነገ እንዲህ ሆነህ ከወጣህ ቀኙንም እኔ ነኝ የምሰብርልህ» አልኩት።

«መጀመሪያ ሳልህን ታከም» አለኝ።

መላው የመጣው ከያስ ደሴት ነው። እዚያ ሲወዳደርባት በነበረ ወጣት እጅ የተገለበጠች የእሽቅድምድም ሞተር ሳይክል በጭነት መኪና ተጭና ጋራዣችን ገባች። የጋራዡ ባለቤት ፔሻዋር የተወለደ ሽማግሌ ነው፤ ኡስታድ እንለዋለን። ለመለዋወጫ ብሎ ገዝቷት ነበር። ፊቷ ተጨፍልቋል፣ የነዳጅ ጋኗ ተቀዷል፣ እጀታዋ ላይ የደረቀ ደም አለ። ከማርሽ መርገጫዋ ላይ ግን ክዊክሺፍተሯ ምንም ሳይሆን ተቀምጧል። ለወንድሜ እጅ የሚሆነው እሱ ነበር።

ለማያውቅ ላስረዳ። ማርሽ ለመጨመር በቀኝ እጅ ጋዝ ይቀነሳል፣ በግራ እጅ ፍሪሲዮን ይሳባል፣ በግራ እግር ጣት መርገጫው ወደ ላይ ይነሳል። ይህ ዕቃ የእጆቹን ሥራ ያስቀራል። መርገጫውን ከማርሽ ሳጥኑ በሚያገናኘው ቀጭን ዘንግ ላይ የሚታሰር፣ አውራ ጣት የሚያህል ብረት ነው። እግር መርገጫውን ሲያነሳው ግፊቱ ይሰማውና የካንዴላውን እሳት ለቅጽበት ያጠፋል። ማርሹ በዚያች ቅጽበት ይገባል፣ እሳቱም ይመለሳል። ፍሪሲዮን የሚያስፈልገው ሲነሱና ሲቆሙ ነው፤ ለዚያ ሁለት ጣት ይበቃል።

«ውሰደው» አለኝ ኡስታድ፤ «ለምግብ ማድረሻ ሞተር ክዊክሺፍተር የሚገጥም ዕብድ ግን አይቼ አላውቅም።»

እውነቱን ነው። የወንድሜ ሞተር ሳይክል ለዚህ የተሠራች አልነበረችም፤ መርገጫዋ በቀጥታ ማርሽ ሳጥኗ ላይ ስለሚገባ ዘንግ የሚባል ነገር የላትም። የሟቿን የእሽቅድምድም ሞተር መርገጫ በመጋዝ ቆርጬ፣ ዘንጉን አሳጥሬ፣ በያጅ አያያዝኩት። ሽቦውን ወደ ካንዴላው መስመር ቀጠልኩ። ከዚያ ማቆሚያዋ ላይ ሰቅዬ፣ የኋላ ጎማዋ በአየር ላይ እየተሽከረከረ፣ እሳቱ የሚጠፋበትን ጊዜ ማስተካከል ጀመርኩ። ሲያጥር ማርሹ እንቢ ብሎ ጥርስ በጥርስ ይፋጫል፤ ሲረዝም ጭስ ማውጫው ጥይት ይተኩሳል። የጎረቤት ጋራዥ ሰዎች ጆሯቸውን ይዘው ወጡ። ሰንሰለቱ አንዴ ካቻቢቴውን ከእጄ ነጥቆ ግድግዳው ላይ ተከለው። ዓይኔን ቢያገኘው ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

ኡስታድ ነድቶ ሞከራት። ጋዙን ሳይቀንስ ጧ፣ ጧ፣ ጧ እያደረገ እስከ ሰፈሩ ጫፍ ሄዶ ተመለሰ። «ኸላስ! ዘይን!» አለ እየሳቀ፤ አለቀ፣ አሪፍ ነው ማለቱ ነው።

ወንድሜ ግን ተነስቶ ገና ሁለተኛ ማርሽ እንዳስገባ ሞተር ሳይክሏ ትንፋሿ ተቆረጠ፣ ተመልሳ ተወረወረች፣ እንደገና ተቆረጠ። እንደ ክፉ በቅሎ አንዘፈዘፈችውና ከመንገዱ ጠርዝ ጋር አላተመችው። ጉልበቱ ደምቶ እየገፋት ተመለሰ።

«በሬ ካራጁ ይውላል ያሉት ለእኔ ነው! እጄ አልበቃህም፣ አንገቴን ፈለግህ?»

ወረወረብኝ። ምን እንደሆነ ያወቅሁት መሬት ወድቆ ሳየው ነው፤ የራስ ቁሩ ነበር። እኔም ስድቤን አስከትዬ ወጣሁባት። እኔንም ደረቴን ከጋኑ ጋር አጋጨችኝ። ኡስታድ ደግሞ ወጣ፤ ለእሱ እንደ ቅቤ ተንሸራተተች። ሽማግሌው ጢሙን እያሻሸ ሁለታችንን አየ። «ይቺ ሞተር ሐበሻ አትወድም» አለ።

ወንድሜን ድጋሚ አስነሳሁትና መሬት ላይ ተንበርክኬ፣ በአጠገቤ ሲያልፍ እግሩን አየሁ። የጫማው ጫፍ ከመርገጫው ሥር ገብቶ፣ ወደ ላይ ደግፎ ይዞታል። ማርሹ ከገባ በኋላም አልለቀቀም። ያ ብረት ደግሞ ግፊት እስከተሰማው ድረስ ማርሽ የሚጨመር መስሎት እሳቱን ያጠፋዋል። የእኔም እግር እንደዚያው ነው። ሳቄ መጣ፤ ከዚያ ሳቁ ጠፋ።

አባባ ቀይ ሞተር ሳይክል ነበረው። ሁለታችንም መንዳት የለመድነው ከሐይቅ ከተማ በላይ ባለው ዳገት፣ በእሷ ነው። ማርሿ አልቆ ሁለተኛው እየተፈናጠረ ይወጣ ነበር፤ ሸክምና ሰው ጭነን ዳገት ላይ ሲወጣ ወደ ኋላ ተንከባሎ ገደል መግባት ነው። ስለዚህ መርገጫውን በእግር ጣት ጫፍ ከሥር ደግፎ መያዝ ግድ ነበር። አባባ ከኋላችን ተቀምጦ፣ ጣታችን ሸርተት ባለ ቁጥር ግራ ቅልጥማችንን በአለንጋ ይሸነትረን ነበር። «እግርህን እንዳትለቅ!» ይላል። ጠባሳው በሁለታችንም ላይ አለ። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማድ፤ እኛን ደግሞ ሊገድለን ደረሰ።

አባባ በአለንጋ ያስገባውን በምን ላስወጣው? የውሃ ጎማ ቆርጬ ያዝኩ። ሞተር ሳይክሏን ማቆሚያው ላይ ሰቅዬ፣ የኋላ ጎማዋ እየተሽከረከረ፣ ወንድሜን ላይዋ ጎለትኩት። ጣቱ ከመርገጫው ሥር በገባ ቁጥር ቅልጥሙን በውሃ ጎማው እለዋለሁ። ሲጮህ እለዋለሁ፣ ሲሰድበኝ እለዋለሁ። ኡስታድ መጀመሪያ ሊገላግል መጣ፤ ነገሩ ሲገባው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። የውሃ ጎማው ሲያርፍ የእኔም ቅልጥም አብሮ ይቆጠቁጥ ነበር፣ ወላሂ። ግን አላቆምኩም፤ የወንድሜ እጅ ያለው እግሩ ላይ ነው።

ቅልጥሙ ሰማያዊ ሆኖ እግሩ ተማረ። ማርሹን ነካ፣ ለቀቅ። ኢቃማው ዳነ። ጭራሽ ወደዳት፤ ባዶውን መንገድ እየሰነጠቀ ሲያልፍ ጥይቷን ከጋራዡ ሆኜ እሰማ ነበር። ጀሶው ሲፈታ ግን እጁ አልጨበጠም። የቀለበትና የትንሿ ጣቱ ተገትረው ቀሩ። ማታ ማታ «ጨብጥ» እለዋለሁ፤ «እንቢ አለኝ» ይለኛል። ፊቴን አዙሬ እተኛለሁ። የማደርገው ሁሉ አልቆብኝ ነበር።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ከአገር ተደወለ። አባባ ሞቷል። አውሮፕላን የለም፣ ቀብሩም አልፏል። እኔ ስልኩን ይዤ ቀረሁ። ወንድሜ ሞተር ሳይክሏን አስነስቶ «ውጣ» አለኝ። ሁለት ሆኖ መሄድ ያን ጊዜ ክልክል ነው፤ ለማን ደንታ አለኝ። ከኋላው፣ አባባ ይቀመጥበት በነበረው ቦታ ተቀመጥኩ።

ከከተማው ወጥተን አሸዋው ዘንድ ስንደርስ ጋዙን ለቀቀው። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ዓይኔ እግሩ ላይ ነበር። የጫማው ጫፍ ቀስ ብሎ ከመርገጫው ሥር ሲገባ አየሁት፤ እንደ ድሮው ደግፎ ያዘው። አፌን መክፈት እችል ነበር። ቅልጥሙን መምታት እችል ነበር። አላደረግኩም፤ የአባባ እግር መሰለኝ።

እሳቱ ተቋረጠ፣ ተመለሰ፣ ተቋረጠ። ሞተር ሳይክሏ ተንፈራግጣ ሁለታችንንም አሸዋው ላይ ጣለችን። አፌ አሸዋ ሞልቶ ስነሳ ወንድሜ ከላዬ ቆሟል። የራስ ቁሬንም ጭንብሌንም ከፊቴ ነቅሎ ጣለ።

«እያየህ ነበር! ለምን አልመታኸኝም?» አለ። እያለቀሰ ነው። «አባባ ቢሆን ይመታኝ ነበር!»

ሲሰነዝር አየሁት። ቡጢው ከየት በኩል እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ዝቅ አላልኩም። ጉንጬ ላይ አርፎ ጥርሴን አነቃነቀው። የደም ምራቄን ተፋሁና እጁ ሳይመለስ ያዝኩት። ግራው ነው። አምስቱም ጣቶቹ ተጨብጠዋል።

«ድገመኝ» አልኩት።