ሸምሱን የለም ያልኩበት ቀን

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ጾም በመጣ ቁጥር ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን እየዘረዘርኩ ይህችን አስቀርቼ ስወጣ ዘመኔ አለቀ።

ሸምሱና እኔ ሲኒማ ራስ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ሱቅ የማስታወቂያ ሰሌዳ እንሠራ ነበር። እኔ ፊደሉን እጽፋለሁ፣ እሱ ሥዕሉን ይሥላል። በርበሬ በረንዳ ላለ አንድ ወፍጮ ቤት በቆርቆሮ ላይ ሴት ሣለ። ሴትዮዋ በነጠላዋ አፍንጫዋን ሸፍና በርበሬ ትነፋለች፤ ዓይኗ እያነባ፣ ከነጠላው ሥር እየሳቀች መሆኗ ያስታውቃል። ተሸካሚው ሳይቀር ቆሞ ያያት ነበር።

አንድ ዓርብ ሸምሱ ለጁምዓ እንደወጣ አንድ ሰውዬ መጣ። ሙዚየም ውስጥ እንደሚሠራ፣ ሴትዮዋን ወፍጮ ቤቱ በር ላይ እንዳያት፣ የሣላትንም ሰው ሥዕል ትምህርት ቤት ሊያስገባው እንደሚፈልግ ነገረኝ። የት እንደማገኘው ንገረኝ አለኝ።

«የለም» አልኩት። «አገሩ ገብቷል፤ ከእንግዲህ አይመጣም።»

መስጊዱ ያለው ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነበር።

ለምን ዋሸሁ? እሱ ከሄደ ሱቁ ይዘጋል ብዬ ፈራሁ ልል እችላለሁ። ውሸት አይደለም፤ ግን ያ ብቻ አይደለም። እኔን ማን ፈለገኝ? እሱ ሠዓሊ ተብሎ ሲሄድ ፊደል ጸሐፊ ሆኜ መቅረቱን አልቻልኩትም። ሸምሱ ሲመለስ የሰውዬውን መምጣት አልነገርኩትም። ከዚያ በኋላም «እኛ ለገበያ የምንቀባ ነን፤ የጥበብ ሥዕል ሌላ ነው» እያልኩ ደጋገምኩለት። እኔ ነኝ ያልኩት። እሱም አመነኝ። የባነር ማተሚያ መጥቶ ሁለታችንንም ሥራ እስኪያስፈታን ድረስ ለዱባይ ተራ ሱቆች ጫማና ስልክ ሲሥል ኖረ።

በቀደም ልጄ ሙዚየም ካላየህ ብላ ይዛኝ ሄደች። ሦስተኛው ክፍል ስንገባ ሴትዮዋ ከነቆርቆሮዋ ተሰቅላለች። ከሥሯ «ሠዓሊው አልታወቀም» ይላል። ዙሪያዋን በትልልቅ ፍሬም የተቀመጡ ሥዕሎች አሉ፤ ሰዉ ተሰብስቦ የቆመው ግን እሷ ፊት ነው። ታዲያ ያ ስለ ገበያና ስለ ጥበብ ስሰብክ የኖርኩት ምን ነበር? ልጄ «አባዬ፣ አየሃት?» አለችኝ። የገባሁበት በር ጠፋኝ።

በማግስቱ ሱቅ ስገባ (አሁን ቀለምና ብሩሽ እንሸጥበታለን) ሸምሱ ስለ ሙዚየሙ ጠየቀኝ።

«እኔ የምችለው ዓይነት ነገር አየህ?»

«አላየሁም» አልኩት።

«እሱማ አውቃለሁ» ብሎ ደንበኛ ሊያስተናግድ ተነሳ።

የፊተኛውን በወጣትነቴ ላሳብብ። ይሄኛውንስ? ስድሳ አልፎኛል፤ የምፈራው ሰው የለኝም፤ ሙዚየሙም የአንድ ታክሲ መንገድ ነው። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። የበደልኩት ሰው ክንዴ እስኪነካው ድረስ አጠገቤ ተቀምጧል፤ እኔም ይህን የምጽፈው እንዳያይብኝ በእጄ ከልዬ ነው።