ስሟ ያልተጠየቀው ገዢ

ልብስ ሰፊዋ የወንድሟን ቤት ለመግዛት የቆረጠችው የሽያጭ ማስታወቂያውን በሩ ላይ ተለጥፎ ያየች ዕለት ነው። ቤቱ የአባታቸው ነበር። አባታቸው ሲሞት ታላቅየው፣ እስከ ዛሬ "ጋሼ" የምትለው ወንድሟ፣ እናታቸውን ባልገባት ወረቀት ላይ አስፈርሞ ቤቱን ወደ ስሙ አዞረው። ዓመት ሳይሞላም "ቤቱ ሊታደስ ነው" ብሎ እንድትወጣ አምስት ቀን ሰጣት። እናት ፍራሿን አስጭና ልጇ የስፌት መኪናዋን ያስቀመጠችባት የኪራይ ክፍል ገባች። በጨርቅ ክምር መሃል ሁለት ክረምት ኖራ እዚያው አረፈች። በቀብሩ ላይ ከሁሉ አብልጦ ያለቀሰው ጋሼ ነው። ልብስ ሰፊዋ ጥርሷን ነክሳ ስታየው ቆየች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

አሁን የጋሼ ንግድ ከሰረ። ለእሷ ግን እንደማይሸጥ ታውቃለች፤ "ለዚያች መርፌ ለቃሚ ከምሸጥ ባፈርሰው ይሻለኛል" ማለቱን ሰምታለች። ስለዚህ ለገዢ ብቻ ቆማ የምትደራደር ወኪል ዘንድ ሄደች። ወኪሏ ዕድሜዋን ባንክ ውስጥ ቤት ስትገምት የኖረች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት።

"እርስዎ ከደላላ በምን ይለያሉ?" አለቻት።

"ደላላ ካልተሸጠ አይበላም። እኔ ባትገዢም ይከፈለኛል። ስለዚህ 'ይቅርብሽ' ለማለት አልፈራም።"

ልብስ ሰፊዋ የቤቱን ጉድ ዘረገፈችላት። የጓዳው ጣሪያ እንጨት በምስጥ ተበልቷል፤ ጋሼ ቀለም ቀብቶ ሸፍኖታል። የፍሳሽ ቱቦውም የሚያልፈው በጎረቤት ግቢ ሥር ነው።

"እስኪለምን ድረስ ይጫኑልኝ። እንደ ሽንኩርት ይላጡልኝ።"

ወኪሏ መነጽሯን አወለቀች። "እኔ ዋጋ አወርዳለሁ እንጂ ሰው አላዋርድም። ያልሽው እውነት ከሆነ ዋጋው ይወርዳል። የቀረውን ከወንድምሽ ጋር ተወጡት።"

"እሺ። አንድ ነገር ግን ውሉ ላይ ይግባልኝ። ቤቱን በአምስት ቀን ይልቀቅ።"

"ለምን አምስት?"

"ለእናቴ የሰጣት እሱን ነው።"

ወኪሏ መነጽሯን መልሳ አደረገችና ጻፈችው።

ድርድሩ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ወኪሏ የላከችው አናጢ እንጨቱን በመሮ ነካ ቢያደርገው እንደ ዱቄት ረገፈ። ጋሼ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ ተለማመጠ፣ በመጨረሻ ከጠራው ዋጋ ሩቡን ቀነሰ። አበዳሪዎቹ ደጁን ይዘውት ስለነበር አምስቱን ቀንም ተቀበለ። ቀብዱን ሲወስድ ገዢው ማን እንደሆነ እንኳ አልጠየቀም። የጠየቀው ቀሪው መቼ እንደሚከፈል ነው።

የውሉ ቀን ልብስ ሰፊዋ ራሷ የሰፋችውን ጥቁር ኮት ለብሳ ቢሮው ገባች። ጋሼ ቀና አለ።

"አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

"ቤት እየገዛሁ ነው፣ ጋሼ።"

ፊቱ አመድ መሰለ። ወደ ወኪሏ ሲዞር፣ የቀብዱን ውል ካፈረሰ ገንዘቡን እጥፍ አድርጎ እንደሚመልስ በለሰለሰ ድምፅ አስታወሰችው። ቀብዱ ደግሞ በተቀበለው ማግሥት የአበዳሪዎቹ ኪስ ገብቷል። ብዕሩን ያዘ። ልብስ ሰፊዋ ፊርማውን እስከ መጨረሻዋ ጭረት ተከታተለችው። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

በአራተኛው ቀን እዚያችው የኪራይ ክፍሏ ድረስ መጣ። ያንን ደፍ ሲረግጥ የመጀመሪያው ነው።

"የሚስቴ እግር አብጧል። አንድ ወር ብቻ ጨምሪልኝ። አንድ ማህፀን እኮ ነው ያወጣን።"

"ያንን ማህፀን ነው ከቤቱ ያስወጣኸው።" ከስፌቷ ቀና አላለችም። "ሚስትህ አልበደለችኝም፤ የሚወስዳት መኪና እልካለሁ። ቀኑ ግን ቀኑ ነው።"

ፊቱን አዙሮ ወጣ። በነጋታው መኪናውን ላከች፤ ከሰዓት በኋላ ቁልፉን ተቀበለች።

በቀል ባዶ ያስቀራል ያሏት ነበሩ። እሷ ግን ባዶነቱን ፈልጋ አጣችው። የተበላውን እንጨት አስለወጠች፤ የስፌት መኪናዋንም እናቷ ትተኛበት የነበረው ክፍል መስኮት ሥር አኖረች። ጋሼ ከዚያው ሰፈር ሁለት ክፍል ተከራይቷል። መንገድ ላይ ሲያያት ሊሻገር ይሞክራል፤ እሷ ግን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ "እንደምን አደርክ፣ ጋሼ?" ትለዋለች። ሰው ፊት ነውና "እግዜር ይመስገን" ብሎ ይመልሳል።