የፊታውራሪው አልሴሽያን

በመካነ ሰላም ውሻ ሁሉ ውሻ ነበር፤ የፊታውራሪ ካሳ ውሻ ብቻ አልሴሽያን ነበር። ጆሮው የቆመ፣ ጀርባው የጠቆረ ትልቅ የፈረንጅ ውሻ ነው። ገበያተኛው ደንግጦ ሲሸሽ ፊታውራሪው ከበረንዳቸው ሆነው «ውሻ አትበሉት! አልሴሽያን ነው!» እያሉ ያርማሉ። ዘሩ የጀርመን በግ ጠባቂ እንደሆነ፣ እንግሊዞች ከጀርመን ጋር ሲዋጉ የጠላት ስም አንጠራም ብለው አልሳስ በሚባል አገር ስም እንደሰየሙት፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይተርካሉ። ይህን ሁሉ የሚያውቁት ሰውዬ ጉልበቷን የጨረሰችላቸውን ገረዳቸውን አልታዬን አንድ ቀን በስሟ ጠርተዋት አያውቁም። «አንቺ» ነበረች።

የአልታዬ ሥራ ለዚህ አልሴሽያን መቀቀል ነበር። ጠዋት ወተት፣ ማታ ሥጋ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሌላ መጠጊያ ስለሌላት ውርደቱን ዋጥ አድርጋ ኖረች። ከተሜው ግን ቃሉን ለራሱ አደረገው፤ ሌላው ሲራብ የሚጠግበውን ሁሉ «አልሴሽያን» ይለው ጀመር። ነጋዴ እህል ከደበቀ «አንተም አልሴሽያን ሆንክ?» ይባላል። ፊታውራሪው ይህን ቢሰሙ ሙገሳ ይመስላቸው ነበር። እንደዚያ ያሉ ሰው ናቸው።

አብዮቱ ሊፈነዳ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ በ1965 ዓ.ም.፣ ያለፈው ክረምት ከድቶ በልጉም ቀረ። ሰው ከየገጠሩ ወደ ከተማው ጎረፈ። ፊታውራሪው ያደረጉት ነገር ቢኖር የግቢያቸውን በር ማስዘጋት ነው። «ከደሴ የመንግሥት እንግዳ ይመጣብኛል። ረሃብ የለም ብያለሁ፤ አንድም ሰው እንዳይገባ!» አሉ። ይህን በተናገሩበት አፍ ማታ ራታቸውን በሉ። አያናድድም?

በሁዳዴ ጾም የአልታዬ የወንድሟ ሚስት ብርሀንነሽ ከማሻ ገጠር በኩል በእግሯ መጣች። ባሏን መንገድ ላይ ቀብራዋለች። ያዘለቻት ትንሿ ልጇ እንቁ አንገቷ ራሷን አልሸከም ብሏታል። አልታዬ በጓሮ አስገብታ እንጨት ቤት ደበቀቻቸው። የጓዳው ቁልፍ ከፊታውራሪው ወገብ አይወርድም፤ በእጇ ያለው የውሻው ድስት ብቻ ነበር። ከሱ ቀድታ አቀረበችላቸው።

ብርሀንነሽ የልጇን ፊት አዞረች። «እትዬ፣ ሁዳዴ እኮ ነው። ደግሞስ ማን ያረደው ነው?»

በጾም የክርስቲያኑ ሉካንዳ ስለማያርድ የአልሴሽያኑ ሥጋ የሚመጣው ከሙስሊሟ ጎረቤት ከሀጀራ ቤት ነበር። በዚያ አገር ክርስቲያንና ሙስሊም ሐዘኑንም ሰርጉንም አብሮ ያሳልፋል እንጂ አንዱ የሌላውን እርድ አይቀምስም። አልታዬ መዋሸት አልቻለችም።

«እንግዲያው ይቅር» አለች ብርሀንነሽ። «ማተቧን በጥሼ አላድናትም።»

አልታዬ ደሟ ፈላ። ነጠላዋን ጎትታ ሮጠችና የንስሐ አባቷን አባ ቢተውን አመጣች። ሽማግሌው ራሳቸው በረሃቡ አጥንታቸው ቀርቷል። ልጅቷን አዩ፣ ድስቱን አዩ፣ ተቆጡ።

«ሰባት ዓመት ላልሞላት ሕፃን ማን ጾም አዘዘባት? የእርዱም ነገር ኃጢአት ከሆነ በእኔ ይሁን! ስጫት!»

ብርሀንነሽ እያለቀሰች መረቁን ጠብ ጠብ አደረገችላት።

ከዚያ ወዲያ ድስቱ ለሁለት ተከፈለ፤ ቆይቶ ትልቁ ድርሻ የእነ እንቁ ሆነ። የልጅቷ አንገት መቆም ጀመረ፤ የአልሴሽያኑ ጎድን ግን ታየ። ደጃቸው ላይ የሚረግፈውን ሰው ጎድን ወራት ሙሉ ያላዩት ፊታውራሪ የውሻውን ወዲያው አዩ! በክሊኒኩ ሰው የሚያክመው ድሬሰር ውበቱ የተሰለፈ በሽተኛ ጥሎ እንዲመጣ አስጠሩት። ውበቱ ውሻውን ዳሰሰና አንገቱን ደፋ።

«ጌታዬ፣ ሌላ ሕመም የለበትም። ርቦት ነው።»

«ርቦት? በእኔ ቤት?» ከዘራቸውን አነሡ። «አንቺ! ምግቡን ለማን ሰጠሽው?»

አልታዬ እንቁን ከእናቷ ጋር ከእንጨት ቤት አውጥታ ፊታቸው አቆመቻት። «ለወንድሜ ልጅ።»

«ውጪልኝ! ይዘሻቸው ውጪ! በሩንም ዝጊ!»

ብርሀንነሽ ልጇን አዝላ ቀደመች። አልታዬ መቀርቀሪያውን ሳበችና ሁለቱንም መዝጊያ እስከ አጥሩ ድረስ በረገደችው። ደጅ የተኮለኮለው ሰው ቀና አለ።

«ዝጊው ብያለሁ!» ፊታውራሪው ጮኹ።

«ራስዎ ይዝጉት!» አለች።

እሳቸው ከበረንዳው እስኪወርዱ ግቢው በሰው ሞልቶ ነበር።