ግሌኒስ ምድጃውን ያላነደደችበት ረቡዕ

ግሌኒስ ሰው በርዶት ማየት አይሆንላትም። ታዝማኒያ ውስጥ ዕድሜዋን ሙሉ ላም ስታልብ ኖራ፣ ጉልበቷ እምቢ ሲላት ላሞቿን ሸጠች። ሥራ ፈትታ መቀመጥ ግን አልቻለችበትም። ማልቲፕል ስክሌሮሲስ የሚባለው የነርቭ ሕመም ያለባቸውን የሚረዳው ማኅበር ረቡዕ ረቡዕ አባላቱ አዳራሽ ሲሰበሰቡ ሻይ የሚያፈላ ሰው ሲፈልግ «እኔ አለሁ» ብላ ከች አለች።

ከአባላቱ ሁሉ አንጀቷን የሚበላት ኔቪል ነው። ዓሣ አጥማጅ የነበረ ግዙፍ ሰው፤ አሁን እግሩ አልታዘዝ ብሎታል። እህቱ በመኪና ታመጣዋለች፣ እሱ ግን አይወርድም። «ሰው ደግፎኝ ስገባ አልታይም» ይላል። ግሌኒስም ሻዩን በመኪናው መስኮት ታቀብለዋለች።

ሐምሌ ላይ፣ ብርዱ አጥንት ሲሰብር፣ ከስንት ልመና በኋላ እሺ ብሎ ገባ። ግሌኒስ በደስታ የምትሆነውን አጣች። ምድጃው ውስጥ እንጨት ላይ እንጨት ጨመረች፤ አዳራሹ ጋለ።

ብዙም ሳይቆይ የኔቪል ስኒ ከእጁ ወደቀ። ዓይኑ ብዥ አለበት፤ ልነሣ ቢል እግሩ ከዳው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ልትጠብሺን ነው እንዴ?» አለች ከአባላቱ አንዷ ፔታ፣ ከተሽከርካሪ ወንበሯ ላይ። «ሙቀት እኮ የኛ ጠላት ነው! ማንም አልነገረሽም?»

መስኮቱ ተከፈተ። ሰውነቱ ሲቀዘቅዝ እንደሚሻለው ሁሉም ያውቃሉ፤ እሱ ግን እስኪሻለው አልጠበቀም። ሁለት ሰዎች ተሸክመው መኪናው ውስጥ ሲያስገቡት ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ግሌኒስ ዕቃ ማጠቢያው ላይ አጎንብሳ አለቀሰች። ከእንግዲህ እዚህ በር አይረግጥም፣ እሱም በእኔ ጦስ ነው አለች።

በሚቀጥለው ረቡዕ ምድጃውን አልነካችውም። መስኮቱን ሁሉ ከፈተች፤ የባሕሩ ነፋስ ገብቶ አዳራሹን አቀዘቀዘው። ሁለት ሹራብ ደርባ የሱፍ ኮፍያ ብታደርግም ከንፈሯ ሰማያዊ ሆነ።

መኪናዋ መጣች። ኔቪል አልወረደም። ግሌኒስ ሻዩን ይዛ ወጣች፤ እጇ እየተንቀጠቀጠ ግማሹን የስኒው ማስቀመጫ ላይ ደፋችው።

«እጅሽን ምን ነካው?»

«ብርድ ነዋ። ምድጃውን ትቼዋለሁ።»

«ለኛ ብለሽ?»

«ታዲያ ለማን ብዬ?»

ኔቪል የመኪናውን በር ከፈተና ክንዷን ያዘ። ክብደቱን በሙሉ ጣለባት፤ እሷም ከላም አላቢነቷ የተረፋትን ጉልበት አሰባስባ ቀጥ ብላ ተሸከመችው።

«ተመስገን ነው!» ብላ ጮኸች ፔታ ከውስጥ። «ኔቪል፣ በመጨረሻ ሰው ደገፈህ?»

«ማን፣ እኔን?» አለ ኔቪል። «እሷን ነው የደገፍኳት! ስትንቀጠቀጥ አይታይሽም?»

«አዎ» አለች ግሌኒስ፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ። «ባይይዘኝ ወድቄ ነበር።»