ታማር የያዘችው የሰዓት ቁልፍ

የቁም ሰዓት ሳጥን በር ለምን ይቆለፋል ብላችሁ ብትጠይቁ፣ የእኛ የስዌልዴል ሸለቆ ሰው ሁሉ ስለ ልጆች ያወራላችኋል። ልጅ ሰዓቱን የሚያዞረውን የብረት ክብደት ጎትቶ እግሩ ላይ ይጥላል፣ ድመት በሚወዛወዘው ፔንዱለም ትጫወታለች። ውሸት አይደለም። በትዌይት ቤተሰብ እርሻ ግን በሩ የሚቆለፈው ጌታው እንዳይከፍተው ነበር፤ ቁልፉን በአንገቷ ያሰረችውም አክስቴ ታማር ሬይን ናት፣ የወተት ቤቱ ሠራተኛ።

ቁልፉን የሰጧት አሮጊቷ እመቤት፣ የጌታው እናት ናቸው፣ ሊሞቱ ሲሉ።

"ልጄን ሜሰንን ወልጄዋለሁ፣ አውቀዋለሁ" አሏት። "ለማንም እንዳትሰጪ፤ ለእሱም ቢሆን።"

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰዓቱን የምትሞላው እሷ ሆነች። ሰዓቱ የማምሻውን ደወል ሲመታ ደጅ ወጥታ ቀንድ የምትነፋውም እሷ ነበረች፤ ቀንዱ ሲሰማ ሠራተኛው መንሹን ጥሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

አንድ ዓመት በድርቆሽ ሰሞን ከተራራው ጀርባ ጥቁር ደመና መጣ። የታችኛው ሜዳ ድርቆሽ ገና አልተነሣም። ሜሰን ላብ በላብ ሆኖ ወጥ ቤት ገባ።

"ቁልፉን አምጪ።"

"ለምን ጌታዬ?"

"ፔንዱለሙን አንድ ሰዓት ያህል ላቆመውና ደወሉ ይዘግይ። ማን ያውቃል?"

"እኔ አውቃለሁ።"

"ታማር፣ ዛሬ አትቀልጂብኝ! ቁልፉን ትሰጪኛለሽ ወይስ ጓዝሽን ትጠቀልያለሽ?"

"ጓዜ አንድ ሣጥን ናት፣ ጊዜ አትፈጅም። ግን ሰዓቱን ከሚያቆሙት ሰዎቹን ቢለምኗቸው ምን አለበት? አፍ አለዎት።"

"የገዛ ሠራተኞቼን ልለምን?"

ደወሉ መታ። አክስቴ ወጥታ ቀንዱን ነፋች። ከዚያ ገብታ ልብሷን ሣጥኗ ውስጥ ጨምራ በሩ ላይ አኖረችው።

በመስኮት ስታይ ሜሰን ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ሜዳው መሐል ሠራተኞቹ ፊት ቆሟል። ከመካከላቸው ሽማግሌው ጆንቲ ፒኮክ ጮኹ፦ "ለካ ያ ባርኔጣ ይወልቃል! በሉ ልጆች፣ እንሥራ!"

አንድም ሰው ቤቱ አልሄደም። የመጨረሻው ጋሪ ጎተራ ሲገባ ዝናቡ ወረደ።

ሜሰን በስብሶ ሲመለስ በሩ ላይ ሣጥኑን አየ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ጓዜ ነዋ።"

"ነገ ቅዳሜ ነው" አላት። "ሰዓቱን ማን ሊሞላው ነው?" ሣጥኑን ራሱ ተሸክሞ ወደ ክፍሏ መለሰው።

ከዚያ በኋላ አክስቴ ሰዓቱን ሠላሳ አንድ ዓመት ሞላችው። ዛሬ ቁልፉ እኔ አንገት ላይ ነው፤ የሜሰን ልጅም አንድ ቀን እንኳ አምጪው ብሎኝ አያውቅም። እኮራለሁ፣ ለምን እዋሻለሁ!