የወልደኪዳን ታሪክ፣ ከማጠሩ በፊት

ይቅርታ አድርጉልኝ። እኔ የምጽፍ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ እሱንም ቢሆን ልቤ ከብቶቹ ጋ ሆኖ። የዕድር ወረቀት እንኳ ሲመጣ፣ ሰው አይቶ እንዳይስቅብኝ ጓዳ ገብቼ ነው በጣቴ እየተከተልኩ የማነበው። እንግዲህ የተሳሳተ ካለ እለፉት። የደፈርኩት ስለ ባሌ ስለ ወልደኪዳን ስለሆነ ነው። ከኔ የተሻለ የሚያውቀው ሰው ቢኖር ዝም እል ነበር።

ወልደኪዳን የተወለደው አንኮበር ነው። ገና ጎረምሳ ሳለ መንገድ ሥራ ተቀጠረና ጣርማ በር ወጣ። እኔንም አግብቶ እዚያው ካምፑ አጠገብ አስቀመጠኝ። ሥራው አካፋና ዶማ ነበር፤ ክረምት ክረምት ናዳ ይጠርጋል፣ የተደፈነ ቱቦ ይከፍታል። ሾፌሮች የሚያውቁት ግን በሌላ ነው። እዚያ አገር ጉም ሲወርድ እጃችሁን ብትዘረጉ ጣታችሁ አይታያችሁም። ያን ጊዜ መኪኖቹ መንገዱ የሚያልፍበት ዋሻ አፍ ላይ ይቆሙና ጥሩምባ ይነፋሉ። ወልደኪዳን ባትሪውን ይዞ ይወጣል። ከመኪናው ፊት ፊት እየሄደ፣ የመንገዱን ጠርዝ በእግሩ እየዳበሰ፣ ጉሙ እስኪሳሳ ድረስ ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ይመራቸዋል። ማንም አላዘዘውም።

«ደመወዝህ ላይ ይጨምሩልሃል?» ስለው፣

«ገደል ከገቡ በኋላ ከማወጣቸው ፊታቸው ብሄድ አይቀለኝም?» ይለኛል።

አንዲት ልጅ ወለድን። ማርያማዊት አልናት። ስድስት ዓመት ሳይሞላት በክረምት ሳል ያዛትና ሳይቆይ ሞተችብን። በሞተችበት ሰዓት ወልደኪዳን መንገድ ላይ ነበር፤ ጉም ወርዶ አውቶቡስ ይመራል። ሲመለስ ደጃችን ላይ ሰው ቆሞ አየና ገባው። ከቀበርናት በኋላ ስሟን አንድ ቀን አንስቶ አያውቅም። እኔም እሱ ካልጠራት ብዬ ተውኩ። ሌላ ልጅ እግዜር አልሰጠንም። ኑሯችን ክፉ አልነበረም፤ ይስቃል፣ ያስቀኛል፤ ያቺ ስም ብቻ ከቤታችን እንደወጣች ቀረች። እኔ ግን እንጀራ ሳቀርብለትም፣ ጎኑ ስተኛም የማስበው ያንኑ ነበር። ያን ቀን በልቡ ምን ይሆን ያለው? ራሱን ይወቅስ ይሆን? ወይስ እኔን?

ጡረታ ሲወጣ ደብረ ብርሃን ገባን። ሥራ የፈታ ሰው ቀብር ያበዛል፤ እሱም አንድ አያመልጠውም። ከቀብር በመጣ ቁጥር ጫማውን እያወለቀ፣ «ዛሬም ያንኑ ሰውዬ ቀብረነው መጣን» ይላል።

«የትኛውን?»

«ያንን ነዋ! ከአባቱ ከአቶ እገሌ፣ ከእናቱ ከወይዘሮ እገሊት የተወለደውን፣ በቅንነት ያገለገለውን፣ ከሰው ጋር ተግባቢ የነበረውን። በየሳምንቱ ይሞታል እኮ፤ አይሰለቸውም?»

መቃብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ማለቱ ነው። እውነቱን ነው፤ የሁሉም አንድ ነው።

ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ መጥፋት ጀመረ። ጠላ ቤት መስሎኝ ነበር። ኋላ ስጠይቀው፣ መናኸሪያው ጀርባ ያለች የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ገብቶ፣ ለባለቤቷ ለሠናይት ታሪኩን እየተናገረ እንደሚያስጽፍ ነገረኝ።

«ንጉሥ ነህ እንዴ ታሪክ የምታስጽፈው?» ብዬ ሳቅኩበት።

«ንጉሥማ የሚጽፍለት ሞልቷል» አለኝ።

ምን እንዳስጻፈ አልጠየቅኩትም። ሲያልቅ ያነብልኛል ብዬ ነበር። ሳያነብልኝ፣ ልቤን አመመኝ ብሎ ሆስፒታል በገባ በሳምንቱ ዐረፈ።

ቀብሩ ላይ ታሪኩን ያነበበው ታናሽ ወንድሙ ዘርአ ዳዊት ነው። ዘርአ ዳዊት መምህር ነው። ጣርማ በር ሳለን እኛ ቤት ሆኖ ነው የተማረው፤ ማርያማዊትን በጀርባው እያዘለ አሳድጓታል። ከፍ ብሎ ቆመና አነበበ። «በመንገድ ሥራ በቅንነትና በታታሪነት አገልግለዋል» አለ። «ባለትዳር ሲሆኑ ልጅ አልወለዱም» አለ።

ማልቀሴን አቁሜ ቀና አልኩ። አጠገቤ ያሉት ሴቶች የበረታሁ መሰላቸው።

ለቅሶው በረድ ሲል ዘርአ ዳዊትን ለብቻው አገኘሁት። እኔ ሰው መጠየቅ አይሆንልኝም፤ ለእሱም ቢሆን ቃሉ እስኪወጣልኝ ስንት ጊዜ ነጠላዬን አስተካከልኩ።

«ልጅ አልወለዱም ብለህ አነበብክ» አልኩት።

አቀረቀረ። «እትዬ፣ ጋሼ ያስጻፈው ብዙ ገጽ ነው። ካህናቱ ቆመው፣ ሰማዩ ጠቁሮ፣ ያ ሁሉ እንዴት ይነበባል? የቀብሩ ዕለት ጠዋት ሠናይት ጋ ሄጄ አሳጠርኩት።»

«ልጄን ለምን አሳጠርካት?»

ይህን ስል እሱ ዐይኑን ጠረገ። «ስሟን ሳይ አልቻልኩም። ሰው ፊት ድምፄ ይቆረጣል፣ አንቺም ትወድቂብኛለሽ ብዬ ፈራሁ። ሳላነበው ቆርጬ አወጣሁት።»

«ስለሞተችበት ቀን ጽፏል?»

«የጻፈ ይመስለኛል። አይዞሽ እትዬ፣ ረጅሙ አይጠፋም፤ ኮምፒውተሩ ላይ አለ። ሠናይት ታወጣልሻለች።»

እኔም ሄድኩ። ደንበኞቿ እስኪወጡ ብዬ ደጅ ስቆም ሠናይት በመስኮት አየችኝ።

«እማማ ዘርፌ! ይግቡ እንጂ፣ ምን ደጅ ያቆምዎታል?»

አንድ ሰውዬ መታወቂያውን ሊያባዛ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ለእኔ ወንበሩን ለቀቀና፣ «እህቴ፣ እኔን እንዳትረሺኝ፤ መታወቂያው ሳይባዛ አርጅቼ ከፎቶው ጋር እንዳልለያይ» አላት።

«አሁንም አትመሳሰሉም» አለችው። ሁለቱም ሳቁ። የመጣሁበትን ስነግራት ግን የእሷ ሳቅ ጠፋ።

ወልደኪዳን የሚለውን ስም ፈልጋ ከፈተችው። አየችው፣ ከንፈሯን ነከሰች። የወጣው አጭሩ ነው፤ ያው መቃብር ላይ የተነበበው።

«እማማ፣ መምህር ቸኩለው ነበር፤ እኔም ያን ዕለት ልቤ ከእኔ ጋር አልነበረም። አጭሩን በሌላ ስም ማስቀመጥ ነበረብን። በዚያው ስም አስቀመጥነው። አጭሩ በረጅሙ ላይ ሄደበት።»

«ታዲያ ከሥሩ አይገኝም?» አልኳት። አላዋቂ ጥያቄ መሆኑ ገብቶኛል፤ ግን ግድግዳ አዲስ ቀለም ሲቀባ የድሮው ከሥር አለ አይደል?

አልሳቀችብኝም። «አንዳንዴ ይገኛል። እንዳሁኑ ዓይነት ስሕተት ቢመጣ ብዬ፣ ባስቀመጥኩ ቁጥር የፊተኛውን ቅጂ ጎን እንዲያቆይልኝ አድርጌዋለሁ።»

እሱን ከፈተች። እሱም አጭሩ ነው። ግንባሯን ያዘች። ለካ ዘርአ ዳዊት ከበር ተመልሶ የአያታቸውን ስም አሳርሟት ኖሯል። ሁለተኛ ሲቀመጥ፣ ጎን የቆየው ረጅሙ ወጥቶ አጭሩ ገባበት። አንድ የአያት ስም።

«በቃ እንግዲህ» አልኳትና ልነሣ ስል እጄን ያዘችኝ።

«ቆይ፣ ቆይ እማማ። አንድ ቅዳሜ አባባ እየተናገሩ መብራት ድርግም አለ። እኔ ተናድጄ ሳለ እሳቸው ‹ጉም ወረደብሽ› ብለው ሳቁብኝ። እንደዚያ በድንገት ሲጠፋ ኮምፒውተሩ ራሱ በየደቂቃው ያስቀመጠው ነገር አለ። ድብቅ ቦታ ነው፤ ሰው ካልነካው አንዳንዴ እዚያው ይቀራል።»

አንዱን ከፈተች፣ በውስጡ ሌላ ከፈተች፣ በቀኑ ፈለገች። የሰው ክስ ወጣ፣ የሰው ማመልከቻ ወጣ። ሰውዬው መታወቂያውን ረስቶ ከኋላችን አንገቱን አስግጎ ቆሟል። ከዚያ ሠናይት «ይኸው!» ብላ ጮኸች።

ብዙ ገጽ ነው። አንኮበር አለ፣ ናዳው አለ፣ እኔን ያገባኝ ቀን የጠፋችው በቅሎ ሳትቀር አለች። ወደ መጨረሻው ወረደችና ቀስ ብላ አነበበችልኝ።

«ልጄ ማርያማዊት ጉም አትፈራም ነበር። እናቷ ‹ብርድ ነው፣ አትውጪ› ስትላት ካፖርቴ ውስጥ ተደብቃ ትወጣለች። አንድ ቀን ባትሪውን ከእጄ ቀማችኝና ከፊቴ ሄደች። ከኋላችን ተሳቢ መኪና ይጎተታል። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ ‹ዛሬ አለቃ ለወጡባችሁ እንዴ?› አለኝ። ‹አዎ፣ ትልቁን ላኩልን› አልኩት። እሷ ዞር ሳትል ‹ና፣ ና፣ ና› ትለዋለች። እኔም ያችን ትንሽ መብራት እያየሁ ከኋላዋ»

እዚህ ላይ ቆመ።

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ቤት ውስጥ እሳት እያነደድኩ፣ ልጄ ጎረቤት ያለች መስሎኝ።

«የቀረውስ?»

«የቀረውን በሚቀጥለው ቅዳሜ ነው የተናገሩት። የጠፋው እሱ ነው።»

«አንቺ አይደለሽ የጻፍሽው? ምን አለ?»

ሠናይት ዐይኗ ሞላ። «እማማ፣ እኔ ቀኑን ሙሉ የሰው ነገር እጽፋለሁ። ጆሮዬ ይሰማል፣ እጄ ይጽፋል፣ እኔ ጋ አይቆይም። ውሃ እንደጠየቁኝ አስታውሳለሁ። ጠጥተው ብርጭቆውን ይዘው ቆዩ። ጣቴን ፊደሉ ላይ አድርጌ ጠበቅኳቸው። ከዚያ ተናገሩ፤ ረጅም አልነበረም።»

«እኔን ያነሳ ነበር?»

«አላስታውስም። ይቅር ይበሉኝ እማማ፣ አላስታውስም።»

እሷ ስታለቅስ እኔ አባበልኳት። ሰውዬው መታወቂያውን ሳያባዛ ቀስ ብሎ ወጣ።

ወረቀቱን ስታትምልኝ፣ «መጨረሻው ላይ አራት ነጥብ ላድርግበት? እንዲህ ሆኖ ጥሩ አይደለም» አለችኝ። «ተይው፣ እንዳለ ይሁን» አልኳት።

ከሰዓት በኋላውን ደጄ ላይ ተቀምጬ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ላውቅ የፈለግኩት ነገር የለበትም፤ ከእንግዲህም የምጠይቀው ሰው የለም። እያነበብኩ ግን ካፖርቱ ይታየኝ ነበር፤ ሲመለስ ከታች በኩል ውስጡ ለምን እንደዚያ ይጨቀያል እያልኩ ሁልጊዜ እቆጣው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት፣ ዘርአ ዳዊት ወደ ትምህርት ቤት ሳይወጣ ልድረስበት ብዬ ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድኩ። ሜዳው ላይ ውርጩ ገና አልቀለጠም። ቦርሳውን ትከሻው ላይ አድርጎ ከበሩ ሲወጣ አገኘሁት።

«እትዬ! በደኅና ነው?»

«አርባው ላይ ይሄን ታነባለህ» አልኩና ወረቀቱን ሰጠሁት።

ገለጥ ገለጥ አድርጎ መጨረሻውን አየ። «ይሄ እኮ አላለቀም። መሃል ላይ ተቋርጦ ሰው ምን ይላል?»

«የፈለገውን ይበል። እስካለበት አንብበው።» እሱን አዝዤው አላውቅም። «አልችልም ካልክ እኔ አነበዋለሁ። ፊደል እየለቀምኩም ቢሆን።»

ቦርሳውን አወረደና ደረጃው ላይ ተቀመጠ፤ እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። «እስቲ ልሞክረው» አለና ከመጨረሻው ገጽ ጀመረ። «ልጄ» ብሎ ቆመ። ጠበቅኩት። እንደገና «ልጄ» አለ፤ አሁንም አልወጣ አለው።

«ማርያማዊት» አልኩ።

እሱ ከዚያ ቀጠለ።