«ይተንፍሱ» ከተባለ በኋላ

ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ የሰው ጀርባ ስታይ ኖራለች። የደረት ራጅ ሲነሳ ታካሚው ደረቱን ከሰሌዳው ጋር ያጣብቃል፣ አገጩን ከላይ ያስደግፋል፣ ትከሻውን ወደፊት ይጥላል። ማሽኑ ከኋላው ነው። ባለሙያዋም ከኋላው ናት፣ ያውም ጨረር ከማያሳልፈው ግድግዳ ባሻገር ቆማ። «ትንፋሽ ይሳቡ። ይያዙ። አይንቀሳቀሱ።» ጠቅ። «ይተንፍሱ።» ቀጣይ! በቀን አርባ ሰው፣ ወረፋ ሲበዛ ስድሳ። የጎድን አጥንት ስታይ «ይሄማ ባለፈው ወር የመጣው ሳለኛ ነው» ብላ ትለያለች፤ ያው ሳለኛ መንገድ ላይ ሰላም ሲላት ግን ማን እንደሆነ ግራ ይገባታል።

ሰፈሩ «እትዬ ራጅ» ይላታል። ስሙን ያወጣላት ባሏ ነው። እሱ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር፣ አሁን ጡረተኛ ነው። «እሷ ፊት መዋሸት አይቻልም፤ ሆድ ውስጥ ያለውን ታያለች» እያለ ለጎረቤት ያወራ ነበርና በዚያው ጸና።

የፎቶ ፍቅር የያዛት እዚያው ሥራ ላይ ነው። ኮምፒውተር ሳይገባ በፊት ፊልሙን ጨለማ ክፍል ውስጥ ራሷ ታጥበው ነበር። ቀይ አምፖል፣ ሦስት ገንዳ፣ ሳሙና የማያስለቅቀው የመድኃኒት ሽታ። ባዶው ፊልም ላይ መጀመሪያ ጉም የመሰለ ነገር ይመጣል፣ ከዚያ አከርካሪ፣ ከዚያ የጎድን አጥንት አንድ በአንድ። ያን ጊዜ ሁሉ የምታስበው አንድ ነገር ነበር፦ ምናለ አንድ ቀን እንኳ ፊት ብቅ ቢል?

ጡረታ በወጣች በሳምንቱ ልጇ ያገለገለ ካሜራ ይዛላት መጣች። «እማዬ፣ ለሙከራ ነው። ካልወደድሽው እንመልሰዋለን።» አልመለሱትም። እትዬ ራጅ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ጨመረች፣ ካሜራውን ከሩቅ የሚያስነሳ የገመድ መጫኛ ጨመረች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩ ፎቶ ቤት በጓሮው ክፍል የሚሰጠውን ትምህርት ጀመረች። ከስድስቱ ተማሪዎች አምስቱ ከልጇ ያንሳሉ። የብርሃንና የጊዜ ስሌት ግን ከሁሉም ቀድሞ የገባው ለእሷ ነው፤ ዕድሜ ልኳን የሠራችው ሥራ ነዋ። ፎቶዎቿ ጥርት ያሉ፣ ቀጥ ያሉ፣ እንከን የማይወጣላቸው ነበሩ። ሆኖም የተነሳ ሰው ሁሉ ፎቶውን ተቀብሎ «እግዜር ይስጥልኝ» ይልና መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል።

ምክንያቱን የነገራት ፎቶ አንሺው፣ አስተማሪዋ ነው።

«እትዬ፣ አይቆጡኝም?»

«እንደምትናገረው ነዋ።»

«እነዚህ ሰዎች ሁሉ የምርመራ ውጤት የሚጠብቁ ይመስላሉ።»

ፎቶዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድራ አየቻቸው። ልብስ ሰፊው ጎረቤቷ፣ ባለሱቁ፣ የገዛ ልጇ፦ ሁሉም ደረታቸው ተነፍቷል፣ አንገታቸው ተመዟል፣ ዓይናቸው ፈጧል።

«እስቲ እኔን ያንሱኝ» አለና ፎቶ አንሺው ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ካሜራውን አቆመች፣ ብርሃኑን ለካች፣ አፏ በለመደው ሄደ። «ደረት ቀና። ትከሻ ዝቅ። ትንፋሽ ሳብ። ያዝ። እንዳትንቀሳቀስ።» ይህን ብላ የመጫኛውን ገመድ እንደያዘች በሩን ከፍታ ከበሩ ጀርባ ገባች።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«እትዬ፣ የት ሄዱብን?» አለ ፎቶ አንሺው፣ ትንፋሹን እንደያዘ፣ ፊቱ ቀልቶ።

እሷም አብራ ሳቀች። ወደ ቤት ስትሄድ ግን ሳቁ አልቆ ነበር። ሰው ለማንሳት ብላ ካሜራ ያዘች፣ ልታነሳ ስትል ደግሞ ከሰውየው ትሸሻለች። ይህን እንዴት ይተዉታል? እጅና እግር የለመደውን እኮ ማስረሳት ቀላል አይደለም።

በዚያው ሰሞን የባሏ ጥርስ ጉዳይ መጣ። ድዱ ሸሽቶ አራቱ የላይ ፊት ጥርሶች ከተነቃነቁ ቆይተዋል። ሰኞ ዕለት የጥርስ ሐኪሟ አየችና ቆረጠች፦ ሐሙስ ይነቀላሉ፣ ሲድን ሰው ሠራሽ ይገባል። የጥርሱንም ልክ ሊጥ መሰል ነገር አስነክሳ እዚያው ወሰደች።

«መሃል ላይ ፍንጭት አለዎት» አለችው። «በአዲሱ ላይ እንዳለ ይሁን ወይስ ይደፈን?»

«ይደፈን! ስድሳ አራት ዓመት ሙሉ ነፋስ ገባበት፣ ይበቃዋል።»

እትዬ ራጅ አጠገቡ ተቀምጣለች። አፉ የሱ ነው። ግን ያ ፍንጭት ለእሷ እንዲሁ ክፍተት አይደለም። ሥራ በጀመረች ሰሞን በጠዋቱ አውቶቡስ ስትመላለስ ሾፌሩ በሳቀ ቁጥር ሳቁ መጨረሻው ላይ ያፏጭ ነበር። በፍንጭቱ በኩል አየር ያመልጣል። ይህን ለመስማት ብላ ከኋላ ወንበር ወደ ፊት ወንበር ተዛወረች፤ ትዳራቸው የመጣው በዚያ ወንበር ነው።

ቤት እንደገቡ አልበሙን አወረደች። ሠርጋቸው ላይ አፉ ግጥም። መንጃ ፈቃዱ ላይ ግጥም። በልጃቸው ምረቃ ጭራሽ የተጣላ ይመስላል። ፍንጭቱ የታየበት አንድ ፎቶ የለም። ከሐሙስ በፊት ያለው ሁለት ቀን ብቻ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ግድግዳው ሥር አቆመችው።

«ሳቅ።»

«በምኑ?»

«ዝም ብለህ ሳቅ።»

«ዝም ብሎ የሚስቅ ሰው ወደ ራጅ ክፍል አይላክም፣ የራሱ ሐኪም አለው።»

እሷ ፍርስ አለች፤ እሱ ግን ካሜራውን ባየ ጊዜ አፉ እንደ አውቶቡስ በር ይዘጋል። አርባ ጊዜ አነሳችው። አርባውም የመንጃ ፈቃድ ፎቶ ናቸው። ልጇን በስልክ ብታማክራት «ተደብቀሽ አንሺው» አለቻት። ሞከረች። የተገኘው አንድ ጆሮና ግማሽ ጋዜጣ ነው። ይባስ ብሎ ጋዜጣውን ሳያወርድ «አንቺ ሴትዮ፣ መጋረጃው ውስጥ ምን ጠፋብሽ?» አላት።

ረቡዕ ከሰዓት ወጥ ቤት ተቀምጣ እንደ ሥራ ሰው አሰበችበት። በሠላሳ ሦስት ዓመት ውስጥ እሷ ፊት ሰው የሳቀው መቼ ነው? ትዝ አላት። «ይተንፍሱ» ሲባል! ታካሚው የያዘውን አየር ይለቃል፣ ትከሻው ይወርዳል፣ ዞር ይልና «አለቀ? ይሄው ነው?» ብሎ ይስቃል። ፈሪውም፣ ኩሩውም፣ የታመመውም። በሺህ የሚቆጠር ሳቅ። እሷ በዚያ ሰዓት አንገቷን ደፍታ ፊልሙን ስታወጣ ነበር የምትገኘው። ደግሞስ የትኛው የራጅ ባለሙያ ነው «ይተንፍሱ» ካለ በኋላ የሚያነሳ?

ዐሥር ሰዓት ላይ ፀሐይ በምዕራቡ መስኮት ገባች። ባሏን ጠራችና ፊቱን ወደ ቁም ሳጥኑ አዞረችው።

«ደረትህን አጣብቅ። አገጭ ወደ ላይ።»

«የምን ጉድ ነው ደግሞ?»

«ራጅ ነው።»

«በካሜራ?»

«አትለፍልፍ። ትንፋሽ ሳብ። ያዝ።»

ሰውየው ታዛዥ ነው፣ ያዘ። እሷ ካሜራውን ከማቆሚያው ፈታች። ወደ ኋላ ልትሸሽ ያማራትን እግሯን ተቆጣጥራ ሁለት እርምጃ ተጠጋችው። አምስት ቆጠረች። ዐሥር ቆጠረች። ጆሮው ቀላ። ዐሥራ አምስት ላይ ቁም ሳጥኑን መታ መታ ማድረግ ጀመረ።

«ተንፍስ!»

አየሩ በፍንጭቱ እያፏጨ ወጣ። «ልትገድይኝ ነው እንዴ፣ አንቺ!» ብሎ ዞረ፤ ካሜራው አፍንጫው ሥር ነው። ሳቁ አመለጠው። ሰባት ጊዜ ተጫነች።

ስድስቱ አይረቡም። ሰባተኛው ላይ ጭንቅላቱ ዘመም ብሏል፣ የአንዱ ጆሮ ጠርዝ ተንቀሳቅሶ ደብዝዟል፣ አንድ እጁ ከፎቶው ወጥቷል። በሥራዋ ሕግ «ይደገም» የሚባል ነው። እጇ ማጥፊያው ላይ ሄደ፤ ጆሮውን ትታ አፉን ስታይ ተመለሰ። ፎቶ ቤቱ ሳይዘጋ ሮጣ ደረሰች። ፎቶ አንሺው ስክሪኑ ላይ አየና ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

«እትዬ፣ በሩ ጀርባ አልገቡም ማለት ነው።»

«አልገባሁም።»

«ይቺን ካጠፏት ካሜራውን እቀማዎታለሁ» አለና በትልቁ አተመላት።

ባሏ ፎቶውን በሁለት እጁ ይዞ መብራት ሥር ሄደ። መነጽሩን አደረገ።

«እኔ እንዲህ ነኝ?»

«እንዲህ ነህ።»

«ሁልጊዜ?»

«ወደ ፊት ወንበር ከተዛወርኩ ጀምሮ።»

«ታዲያ ይሄን ያህል መልከ መልካም መሆኔን እስከ ዛሬ ለምን ደበቅሽኝ?»

ሐሙስ ጠዋት ማደንዘዣው ከመወጋቱ በፊት እጁን አነሳ። ከኮቱ ኪስ ፎቶውን አወጣና ለሐኪሟ ሰጣት። «ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። እንደዚህ ይሁን።»

ሐኪሟ ከኋላ ክፍል ጥርስ ሠሪውን ጠራችው። እጁ በጄሶ ነጭቶ መጣና ፎቶውን በጠርዙ ያዘ።

«የተወሰደው ልክ የጥርሱን ቅርጽ ይነግረኛል» አለ። «ጋሼ ሲስቁ ከንፈራቸው እስከ የት እንደሚነሳ ግን አይነግረኝም። ይሄን ነበር ሳጣ የኖርኩት። ሰው የሚያመጣልኝ የመታወቂያ ፎቶ ነው፣ አፍ የታሸገበት።» ቀና አለ። «ማን ነው ያነሳው?»

«ባለቤቴ» አለ ሾፌሩ፣ ያኔውኑ ደረቱ ተነፍቶ። «ባለሙያ ናት። ልትገድለኝ ነበር እንጂ።»

አዲሱ ጥርስ ከስድስት ሳምንት በኋላ ገባ። በመጀመሪያው ቀን ሲስቅ ፉጨቱ አልነበረም። ጥርስ ሠሪው ፎቶውን እያየ አንዱን ጥርስ በጥቂቱ ሞረደው፣ አስሞከረው፣ እንደገና ሞረደው። በሦስተኛው ፉጨቱ መጣ፤ ከድሮው ትንሽ ወፈር ይላል፣ ግን እሱ ነው። እትዬ ራጅ ወንበሩ አጠገብ ቆማ ስለነበረች ከማንም በፊት ሰማችው።

አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት እዚያው ጥርስ ሕክምና ቤት ትገኛለች። ኮሪደሩ መጨረሻ፣ ሰፊው መስኮት ሥር አንድ ወንበር ሰጥተዋታል። ጥርሳቸው ሊነቀል ቀጠሮ የተያዘላቸው ሰዎች አስቀድመው ወደ እሷ ይላካሉ። የመጀመሪያዋ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ፤ አፋቸውን በመሀረብ ሸፍነው ገቡ።

«ሳቅ በሉ እንዳትይኝ፣ የኔ እመቤት። አልችልበትም።»

«ኧረ ማን ሳቁ አለዎት?» አለች እትዬ ራጅ። ማቆሚያውን አጥፋ ግድግዳው ሥር አስደገፈችና ወንበሯን ስባ ጉልበት ለጉልበት ተቀመጠች። «ትንፋሽ ይሳቡ። ይያዙ።»

ካሜራውን ወደ ዓይኗ አነሳች።

«ይተንፍሱ።»